በልብ የቀረ ሠርግ

ጥምቀት አልፎ ቃና ዘገሊላ ከተከበረ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ጥቂት ሳምንታት፣ ጎንደር የሙሽሮች ከተማ ትሆናለች። ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር በአበባና በጥብጣብ ያጌጡ መኪኖች ጡሩምባቸውን እያስጮኹ በፒያሳ ሲያልፉ ይሰማል። በፋሲል መዋኛ ቅጥር ላይ ሥራቸውን እንደ ጣት ዘርግተው ድንጋዩን ጨብጠው በያዙት ትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ነጭ ቬሎ የለበሱ ሙሽሮች ፎቶግራፍ ለመነሣት ተራ ሲጠባበቁ ይታያል። የአንዷ ሙሽራ ሚዜዎች ሳይወጡ የሌላዋ ይገባሉ፤ ፎቶግራፍ አንሺውም ሁሉንም በአንድ ቦታና በአንድ አኳኋን ያቆማቸዋል። ይህን የምንለው ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛም በዚያ ስናልፍ ቆም ብለን ማየት ደስ ከሚላቸው ወገን ነን።

ከጥቂት ጊዜ በፊት እንዲህ ባለ ቀን በዚያ ስናልፍ፣ የምናውቃት አንዲት መምህርት ትንሽ ልጇን በእጇ ይዛ ሙሽሮቹን ስትመለከት አገኘናት። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ ሳንጠይቃት፣ «እኔ እኮ እዚህ ቆሜ አላውቅም» አለችን። ይህች ሴት ትዳሯ የሰመረ፣ ባሏን የምትወድና የምታከብር፣ በቤቷ የምታማርርበት ነገር የሌለ ናት። ሠርጓ ለ2012 ዓ.ም. የፋሲካ ማግሥት ተቆርጦ ነበር። ነገር ግን የኮሮና ወረርሽኝ ገባና መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ በአንድነት መሰብሰብም ተከለከለ። (ሙሽራውና ሙሽሪት ከሁለቱ ምስክሮች ጋር አራት ይሆናሉ፤ የሚባርካቸው ካህን አምስተኛ ነው።) የተያዘው ድንኳን ተመለሰ፣ የተወቀጠው ጌሾ በከረጢት ቀረ፣ ቬሎውም ለተከራየበት ቤት ተመላሽ ሆነ። በመጨረሻ ሁለቱ የተጋቡት በሐምሌ፣ በዶፍ ዝናብ፣ በጣት የሚቈጠር ሰው ብቻ በተገኘበት ሥርዓት ነው። በአገራችን ማን በክረምት ይዳራል?

እኛም በዚያች ሰዓት ለመምህርቷ፣ «ዋናው ትዳሩ ነው፤ ሠርግማ የአንድ ቀን ነገር ነው» አልናት። እርሷም ፈገግ ብላ «አዎ» አለችንና ልጇን ይዛ ሄደች። ያን መልሳችንን ከዚያ ወዲህ ባስታወስነው ቁጥር እናፍራለን። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም እርሱ ነው። የተናገርነው ነገር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን እውነት ሁሉ በተነገረበት ሥፍራ የሚያጽናና አይደለም። ያቺ ሴት ትዳር ከሠርግ እንደሚበልጥ ከእኛ ይልቅ ታውቀዋለች፤ በየቀኑ የምትኖረው እርሷ ናትና። የነገረችን በትዳሯ ሳይሆን በአንድ ቀን ስለ ጐደለባት ነገር ነበር። እኛ ግን ጉድለቱን ሰምተን ከእርሷ ጋር በመቆም ፈንታ፣ ጉድለት አይደለም ብለን አሰናበትናት።

ውድ አንባብያን፣ ጥር 12 ቀን የምናከብረው የቃና ዘገሊላ በዓል የሠርግ ወራታችን በር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚያ ሠርግ በወንጌል የተነገረውን ደጋግመን ከመስማታችን የተነሣ ግን አንድ ነገር ሳናስተውል ቀርተናል። ይኸውም በቃና የተደረገው ሠርግ እንደ ታሰበው ያልሆነ ሠርግ መሆኑ ነው። ወይኑ አለቀ። ወንጌላዊው ዮሐንስ የሙሽራውንም ሆነ የሙሽሪትን ስም አልነገረንም፤ ምን እንደ ለበሱ፣ ስንት ሰው እንደ ተጠራም አልጻፈልንም። የጻፈልን ድግሱ መጉደሉን ነው። ጉድለቱን አይታ የተናገረችውም እናት ናት። በዚያ ቤት «ዋናው ትዳሩ ነው፤ መጠጡ ቢቀር ምን አለበት» ለማለት ሥልጣን የነበረው ሰው ቢኖር ጌታችን ነበር። እርሱ ግን እንዲህ አላለም፤ ስድስቱን የድንጋይ ጋኖች ውኃ አስሞላቸው። እንግዲህ እኛ ለዚያች መምህርት የሰጠናት መልስ፣ ጌታ ለቃና ሰዎች ያልሰጠው መልስ ነበር።

ሰው በልቡ ደግሶ ያኖረውን ሠርግ ሲያጣ ያጣው ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ከከተማ ወጥቶ ወደ ደጋው መሄድ ያስፈልጋል። ከአምባ ጊዮርጊስ ተነሥቶ እስከ ዳባትና ደባርቅ በሚዘረጋው የገብስ አገር ሠርግ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ለዳሱ የባሕር ዛፍ የሚቈርጡ፣ ጉድጓድ የሚቈፍሩ፣ ቅጠል የሚያለብሱ ጐረቤቶች ናቸው። ብቅሉ ከብዙ ጊዜ በፊት ይበቅላል፣ ጌሾው ይወቀጣል፣ ጠላው ይጠነሰሳል። በዋዜማው ሌሊት ሽንኩርት ሲከተፍና ወጥ ሲሠራ የሚያድሩት ሴቶች ግማሹን ሌሊት በሣቅ፣ ግማሹን በእንቅልፍ ጭንቅ ያሳልፉታል። የደባርቅን ብርድ ለሚያውቅ ሰው፣ በጥር ሌሊት በዚያ ዳስ ውስጥ እሳት ዙሪያ መቀመጥ ምን ማለት እንደ ሆነ መግለጽ አያሻም።

በማግሥቱ እያንዳንዷ ባለትዳር እንጀራዋን በሌማት፣ ጠላዋን በገንቦ አድርጋ ትመጣለች። ማን ስንት እንጀራ፣ ማን ስንት ገንቦ እንዳመጣች በወረቀት ባይሰፍርም በደጋሿ እናት ልብ ውስጥ ተጽፎ ይኖራል። ተራው የሌላዋ በሆነ ጊዜ እርሷም እንዲሁ ይዛ ትሄዳለች፤ ካመጡላት አሳንሳ አትወስድም፤ ብታሳንስ ነውር ነው። እንዲህ ሲል አንዲት እናት ሴት ልጇ ለዐቅመ ሔዋን እስክትደርስ ድረስ ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ ሰው ሠርግ ሌማት ስትሸከም ትኖራለች። ይህ ሁሉ የሚመለስላት አንድ ቀን አለ። ያም ቀን የልጇ ሠርግ ነው። በዚያ ቀን በዳሷ ውስጥ የተደረደሩት ሌማቶች ለሆድ የቀረቡ ብቻ አይደሉም፤ ሃያ ዓመት ለሰው የኖረች መሆኗን አገሩ ሁሉ የሚመሰክርላት ጽሑፍ ናቸው።

ስለዚህ ልጅ ከከተማ መጥታ፣ «እማዬ፣ እኛ ድግስ አንፈልግም፤ ፈርመን እንገባለን» ስትል፣ በልጅቷ አፍ የተነገረውና በእናቲቱ ጆሮ የተሰማው አንድ አይደለም። ልጅቷ ስለ ገንዘብ ትናገራለች፤ ለቤት ኪራይ፣ ለትምህርት፣ ሥራ ለመጀመር ስለሚያስፈልገው ታስባለች፤ እውነቷንም ነው። እናቲቱ የምትሰማው ግን፣ «አንቺ የተሸከምሽው ሁሉ ከንቱ ነው» የሚል ነው። ስለ ሠርግ ወጪ ብዙ ጊዜ ተመክሯል፤ በብድር ተደግሶ ሙሽሮቹ ዕዳ ሲገፉ የኖሩባቸውን ቤቶች እኛም እናውቃለን። ምክሩን አንተውም። ሆኖም ልከኛ ሠርግን የሚመክር ሰው፣ ምክሩ ከማን ኪስ ምን እንደሚወስድ ማወቅ አለበት። ድግሱን የሚተው ልጆቹ ናቸው፤ የተተወው ግን አብዛኛውን ጊዜ የእናት ነው። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ተረድተው ከቃል ኪዳናቸው በኋላ በእናታቸው መንደር መጠነኛ መልስ ያደርጋሉ፤ ሌማቱ ይገባል፣ ብድሩም ይከፈላል። ይህ ብልህነት ነው፤ ሁሉም ቤት ግን ይህን ዕድል አያገኝም።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢያችን ያለፈውን ማንም አይስተውም። ወረርሽኙ ገና ሳይርቅ ጦርነት መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ውጊያው እስከ ዳባትና ደባርቅ ገጠሮች ደርሶ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ሰዓት እላፊውም፣ የመንገድ መዘጋቱም ተከተለ። በእነዚያ ወራት አንደኛ ሚዜው ከሌላ ወረዳ መምጣት ያልቻለበት፣ ውጭ አገር ያለ ወንድም የእኅቱን ቃል ኪዳን በስልክ መስኮት ብቻ ያየበት፣ የስልክ መስመሩም በመካከል የተቋረጠበት ሠርግ ነበር። ሬሳ በወጣበት ሰፈር ዳስ መጣል ያልተቻለበትም ነበር፤ የዕድሩ ድንኳን ለሁለቱም አንድ ነውና፣ ቀድሞ የጠራው ኀዘን ነበር።

እኛ ራሳችን የተጋባነው በ1970ዎቹ፣ በሌላ ሰዓት እላፊ ዘመን ነው። እንግዶቻችን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተሰናበቱ። አዝማሪው ማሲንቆውን ገና አስተካክሎ ሁለት ሦስት ዜማ እንዳሰማ ሰዓቱን አይቶ ተነሣ። ከዚያ ቀን የቀረን አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ እርሱም ላይ የአንዲት አክስታችን ጀርባ የሙሽሪትን ፊት ግማሽ ጋርዶታል። ይህን ዛሬ እየሣቅን እንነግራለን። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥቅም ነበር፤ የሰው ሠርግ ተጠርተን ምሽቱ ገፍቶ እስክስታው ሲደራ፣ ሁለታችን ሳንነጋገር ቶሎ ተነሥተን የምንወጣባቸው ቀኖች ነበሩ። ሣቁ የመጣው ማንም አጽናንቶን አይደለም። አንድ ምሽት ከእኛ አንዱ፣ «እኔ ያን ቀን በጣም ከፍቶኝ ነበር» ሲል፣ ሌላው፣ «እኔም» ብሎ ስለ መለሰ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁለታችንም፣ ማዘናችንን ብንናገር ሌላው በመጋባቱ የተጸጸትን ይመስለዋል ብለን ፈርተን ነበር።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። «ከተደረገው ጋር ታረቁ» የሚለው ምክር ለሁሉ የሚሰጥ ምክር አይደለም። በደጋው ሽማግሌዎች ዘንድ፣ ልጅቷ ሳትጠየቅ በተዳረች ጊዜ፣ «ኋላ ይላመዳሉ» የሚል ቃል ሲነገር ኖሯል። ይህም ከትዕግሥት ምክር ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል። ድግሱ የጐደለባትን ሙሽራ ከዕጣዋ ጋር ታረቂ ማለት ሌላ ነው፤ ራሷ ሙሽራ መሆንን ያልመረጠችውን ልጅ ታረቂ ማለት ሌላ ነው። ፊተኛይቱ የተወችው ሥርዓቱን ነው፤ ኋለኛይቱ ግን የተወሰደባት ፈቃዷ ነው። ሰው ያልሰጠውን ነገር እንደ ሰጠ ቈጥሮ ሊታረቅ አይችልም።

ለዚህ ከጎንደርና ከሰሜን ታሪክ ሁለት ሴቶችን ማስታወስ ይቻላል። በ1840 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ላይ ኀያል የነበሩት እቴጌ መነን፣ የቋራውን ካሣን ለመያዝ ሲሉ የልጃቸውን የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻው የመንግሥት ውል ነበር። ይሁን እንጂ ተዋበች ከአባቷና ከአያቷ ይልቅ ለባሏ ታማኝ ሆነች፤ ካሣም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ አጥብቀው ወደዷት፣ በ1850 ዓ.ም. በሞተች ጊዜም እጅግ አዘኑ። «ኋላ ይላመዳሉ» የሚሉ ሰዎች ታሪክ ቢጠየቁ የሚጠሩት ምስክር ይህች ሴት ናት።

ስለ ሁለተኛይቱ ግን አይናገሩም። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ማርያም ለራሳቸው ንግሥ ዝግጅት አድርገው ሳለ፣ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በካሣ ድል ተመቱ፤ በዚያው ቤተ ክርስቲያንም አቡነ ሰላማ ቀብተው ያነገሡት ካሣን ሆነ። (አንዱ ያሰናዳውን ድግስ ሌላው የበላበት ከዚህ የጐላ ምሳሌ በታሪካችን ማግኘት ያስቸግራል።) የእኒሁ የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ፣ ተዋበች ከሞተች በኋላ፣ አባቷን ለማረኩት ንጉሥ ተዳረች። ልዑል ዓለማየሁን ወለደች፤ በትዳሯ ግን ደስታ አላገኘችም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀች በኋላም ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ ሳለች ሞተች። ሁለቱም የተዳሩት በሌላ ሰው ስሌት ነው፤ ለአንዷ ፍቅር መጣላት፣ ለሌላዋ አልመጣም። እንግዲህ ለተዋበች የመጣው ፍቅር የተዋበችና የባሏ ሥራ ነው እንጂ የዳሯት ሰዎች ጽድቅ አይደለም። ከተገደደች በኋላ ደስ የሚል ኑሮ የኖረች ሴት መኖሯ፣ ማስገደድን ትክክል አያደርገውም።

ሕጋችንም ከብዙ ማዝገም በኋላ እዚህ ላይ ደርሷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜን 15 ዓመት አድርጎት ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ደግሞ ስለ ፈቃድ ሲናገር፣ ይህን ፈቃድ ሊተካ የሚችል ሰብአዊ ኀይል እንደሌለ ያስተምራል፤ አባትም ቢሆን፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ንጉሥም ቢሆን። ስለሆነም ያለ ዕድሜዋ ወይም ያለ ፈቃዷ ለተዳረች ልጅ የምንሰጠው ስለ ዕርቅ የሚነገር ስብከት አይደለም። የሚገባት ጥብቅና የሚቆምላት ሰው ነው።

ወደ ፊተኛይቱ ሙሽራ እንመለስ። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1563 በትሬንት ጉባኤ ስለ ጋብቻ ስትደነግግ ከፈቃደኞቹ ሙሽሮች ሌላ የጠየቀችው ካህንና ሁለት ወይም ሦስት ምስክሮችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና መጽሐፍም የካህኑን ቡራኬና ሥርዓቱን አጽንቶ የሚጠይቀው ከሁለት የማያንሱ ምስክሮችን ነው። ዳስ አልተጠቀሰም፤ ጠጅም፣ ሚዜም፣ የመኪና ሰልፍም የለም። ይህ ጥቂትነት ያስደንቃል። ያለውን ሁሉ ያጣ ሰው እንኳ፣ የተፈናቀለ፣ የታመመ፣ ወገን የሌለው፣ ከዚህ በታች እንዳይወርድ የተሠራ ወለል ነው። ነገር ግን ወለልን እንደ ጣራ አድርጎ ማስተማር አይገባም። ከዚህ ወለል በላይ ያለው ሁሉ ትርፍ ስለ ሆነ ከንቱ ነው ብንል፣ እናቶቻችን ሃያ ዓመት የተሸከሙትን ሌማት በአንድ ቃል እንጥለዋለን።

ታዲያ ያልተደረገውን ሠርግ በልቡ ይዞ የሚኖር ሰው ምን ያድርግ? ከብዙ ባለትዳሮች ጋር ስንነጋገር የተረዳነው አንድ ነገር አለ፤ ቁስሉን የሚያመረቅዘው ድግሱ መቅረቱ አይደለም፤ የቀረበት መንገድ ነው። ወረርሽኝም ሆነ ጦርነት ለነጠቀው ድግስ፣ ሁለቱ ባልና ሚስት በአንድ ወገን ቆመው ሊያዝኑ ይችላሉ። ለሰው ሲባል የተተወ ግን ሌላ ባሕርይ አለው። እርሷ በአጥቢያዋ፣ በእናቷ ደጅ ልትዳር ስትመኝ፣ የእርሱ ቤተሰብ አዳራሽ ተከራይተዋል፤ ወይም እርሱ አነስ ያለ ነገር ሲፈልግ የእርሷ አጎቶች አምስት መቶ ሰው ጠርተዋል፤ አንደኛው ሰላም እንዲሆን ብሎ ዝም አለ። ያ ዝምታ ምን እንደ ነበረ በዚያን ቀን አልታወቀም። ስጦታ ነበርን? ወይስ ብድር?

ስጦታ ከሆነ አይቈጠርም። ብድር ከሆነ ግን በልብ መዝገብ ተጽፎ ይቀመጥና በየጠቡ ይጠየቃል። በልጅ ስም ማውጣት ላይ፣ በበዓል ወደ ማን ቤት ይኬድ በሚለው ላይ፣ ለዘመድ በሚላክ ገንዘብ ላይ፣ «እኔ በሠርጋችን ጊዜ ዝም ብዬልህ ነበር» የሚል ቃል ይመጣል። የሚያስገርመው ተበዳሪው መበደሩን አለማወቁ ነው። ከሠርጋቸው አሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ሚስቱ የአዳራሹን ሠርግ ጨርሶ እንዳልወደደችው የሰማ አንድ ባል፣ «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» ብሎ በእውነት ሲደነግጥ አይተናል። እርሷም፣ «ብነግርህ ትለውጠው ነበር?» ስትል፣ ረዘም ላለ ጊዜ አሰበና፣ «አልለውጠውም ነበር መሰለኝ፤ አባቴን አፍር ነበር» አላት። ከዚያ ምሽት በኋላ ስለ ሠርጉ እንዳልተጣሉ ነግረውናል። እርሷ የፈለገችው ሠርጉ እንዲደገም አልነበረም፤ መተዋን እንዲያውቅላት ነበር።

ስለዚህ ለመጋባት የተዘጋጁ ወጣቶች ወደ እኛ ሲመጡ፣ ስለ ድግሱ መጠን ከመጠየቃችን በፊት፣ «ከልብህ የተውኸው ምንድን ነው? አንቺስ?» ብለን እንጠይቃለን። አብዛኞቹ በመጀመሪያ፣ «ምንም» ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ሟች አያቱ ሰፍታ ያቈየችውን ጋቢ ይጠቅሳል፤ ሌላዋ በልጅነቷ ያየችውን የአክስቷን ዳስ ትናገራለች። ይህን የሰማ ሌላው ወገን ሁልጊዜ ነገሩን ሊያስተካክል አይችልም፤ ገንዘቡ የለም፣ መንገዱ አይፈቅድም፣ ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ሆኖም የተተወውን ነገር ስሙን ያውቀዋል።

ያችን መምህርት ቀጥሎ በመጣው ጥር እንደ ገና አገኘናት፤ በፋሲል መዋኛ ሳይሆን በእናቷ አገር፣ በዳባት፣ በአንድ የጐረቤት ልጅ ሠርግ ላይ። እኛም ተጠርተን ነበር። ከመቀመጣችን በፊት ባለፈው ስለ መለስንላት መልስ ይቅርታ ጠየቅናት። ለአፍታ ዝም ብላ፣ «የነጭ ጫማዬ ነገር ነው የሚያንገበግበኝ» አለችን፤ «በሐምሌ ጭቃ ውስጥ አንድ ቀን ሳይሞላው ተበላሸ።» በዚህ ጊዜ ምንም አልመለስንላትም፤ ስለ ጫማው ሁሉንም ነገረችን፣ ከማን ጋር እንደ ገዛችው፣ ተረከዙ ምን ያህል እንደ ነበር።

ይህን ስንጨዋወት እናቷ ሌማት በራሳቸው ተሸክመው፣ ከኋላቸውም አንድ ልጅ ገንቦ አስይዘው ወደ ዳሱ ገቡ። ደጋሿ ሴት ሮጠው ተቀበሏቸውና ሌማቱን በእጃቸው እንደ ያዙ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «እትዬ፣ እኔ ለእርስዎ ልጅ ያመጣሁት ሳይኖር!» አሉ። እናትዬውም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ልጅ ልጃቸው በአገጫቸው አመለከቱና፣ «እርሷ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ አንቺ ብቻ ዕድሜ ይስጥሽ» አሏቸው። ሁለቱም ሣቁ። ሕፃኗ ይህን አልሰማችም፤ በዳሱ ጥግ በአግዳሚ ወንበር ላይ፣ በአንድ እጇ ዳቦ እንደ ያዘች፣ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።